የአባቴ ሞክሼ

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ አባቴ ለስኳር ክትትል መጥቶ ታች ወረፋ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረኝ።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ለማታውቁኝ፣ በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስና የሕክምና መረጃ ክፍልን እመራለሁ። የተበታተኑ የታካሚ ካርዶችን የሚያገናኝ ሲስተም የጀመርነው በዚህ ሳምንት ነው። እሱ ነው የአባቴን ፋይል ከሌላ ሰው ፋይል ጋር አንድ ያደረገው። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ በሽታ፣ ሁሉም ገጥሞለታል።

መሳሳቱን አውቃለሁ። ግን ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ።

አግዳሚው ላይ ከቡልቡላ የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል። አባቴም ከጎሮ እየመጣ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ሲጨርስ ቢሮዬ ብቅ ይልና «ሮቦቶችሽ ደህና ናቸው?» ይለኛል። (ሮቦት እንኳ የለንም። አንድ ቀን አስረዳዋለሁ እያልኩ ቀረ።)

«አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ።

«ምነው ልጄ፣ ውጤቴ መጥፎ ነው እንዴ?» ብለው ደነገጡ።

«ኧረ አይደለም! ስምዎ የአባቴ ስም ሆኖብኝ ነው።»

ፊታቸው በራ። «ሞክሼዬ ነዋ! ለመሆኑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳቸው።

ቢሮ ተመልሼ፣ እሳቸው ሐኪም ዘንድ ሳይገቡ ሁለቱን ፋይሎች ለየሁ። የአባቴ ላይ አሁንም «በሕይወት አለ» ይላል። ያረፈው ቤት ስለሆነ ለሆስፒታሉ የነገረ የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ዛሬም አላስተካከልኩትም።

እናንተስ፣ ከስልካችሁ ማጥፋት ያቃታችሁ የማንን ቁጥር ነው?