ወገቤን ልሞክር

ላሊበላ ስመደብ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደሴ ሦስት ወር ሠልጥኜ፣ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ተብዬ፣ አንድ የብረት ሳጥንና አንድ ወፍራም ደብተር ይዤ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ደብተሩ ከሥልጠናው የገለበጥኩትን መመሪያ ሁሉ የያዘ ነው፤ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ፣ በሰልፍ እንዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ። ከዚያ መሃል አንዱ፣ ሕፃናት ተፈጥሯዊ ፍላጎታቸውን በትክክለኛ ስሙ እንዲጠሩ ይደረግ ይላል። ትክክለኛዎቹ ስሞች ሁለት ናቸው፤ ሽንትና ሰገራ። ከሥራቸው ሁለት ጊዜ አስምሬባቸዋለሁ።

ቤታችን ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ባለ ፎቅ ክብ ቤት ነበር። አዋጁ ከአንድ ባለጠጋ ወስዶት ለቀበሌው የደረሰ ትርፍ ቤት ነው። ላይኛው ክፍል ለእኔ መኖሪያ፣ ታችኛው ለልጆቹ ሆነ። ከጓሮው ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መጸዳጃ ቆፍረው፣ በባሕር ዛፍ አጣና አጥረው፣ የቆርቆሮ በር ገጥመውለታል። በከተማው እንዲህ ያለ መጸዳጃ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር በጣም ኮራሁበት።

በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ያህል ልጆች ሰሌን ላይ አስቀምጬ ከፊታቸው ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣

"ልጆች፣ ሰገራ የመጣበት እጁን ያወጣል" አልኩ።

ልጆቹ ተያዩ። የሸማኔው ልጅ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው፣ ብድግ አለ።

"የት አለች?"

"ምኗ?"

"ሰጋሯ! ሰጋር በቅሎ መጣች አላሉም?"

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! ሠላሳውም ተጋፍተው በሩን አልፈው ወጡ። መንገዱ ላይ ጭድ የተጫነች አንዲት አህያ ብቻ ነበረች፤ እሷኑ እያጨበጨቡ ሸኟት።

እንደምንም ሰብስቤ መልሼ ሳስቀምጣቸው ከኋላ በኩል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"እትዬ፣ ደጅ ልውጣ።"

አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነች። እናቷ በአሸተን ማርያም ግርጌ ካለ መንደር ማገዶ ለመሸጥ ስትወርድ ይዛት ትመጣለች። እኔ ገና ከሩጫው ልቤ አልተመለሰም።

"አሁን ከደጅ መግባታችን አይደል? ቁጭ በይ" አልኳት።

ቁጭ አለች። ጥቂት ቆይቶ ከሥሯ ያለው ሰሌን ራሰ። የሸማኔው ልጅ አይቶ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደጅ ልውጣ! እኔስ በልጅነቴ ለእናቴ የምለው ይህንኑ አልነበረም? ሦስት ወር ሠልጥኜ የገዛ ቃሌን ረስቼው መጣሁ። አጠብኳት፤ ነጠላዬን አገለደምኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ዝም አለች። ውኃ ስሰጣት ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ትነቀንቃለች። ከሰዓት በኋላ እናቷ ስትመጣ እጇን አስለቅቃ ትሮጥና ከቁጥቋጦ ኋላ ትሰወራለች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ነው የምትውለው። በሁለተኛው ሳምንት አላስችል ብሎኝ እናቷን መንገድ ላይ አቆምኳት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት።

"ኧረ የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ" አለች እናት፣ ባዶውን የማገዶ ገመድ በእጇ እየጠቀለለች። "ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያችን 'ደጅ ልውጣ' ለማለትም ስንት ቀን እንዳሰበችባት ማን ያውቃል!"

እንቅልፍ ነሣኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን ሰበሰብኩ። አጀንዳው ምን እንደሆነ ስናገር ፊቴ ፍም መስሎ ነበር።

የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀድማ ተነሣች። "መመሪያው ሽንትና ሰገራ ካለ፣ ሽንትና ሰገራ ነው። ምን ያከራክራል?"

"ሰገራን በቅሎ አደረጓት እኮ!" አለ ሸማኔው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

"የእርስዎ ልጅማ ባላገር እንደሚለው በቁሙ ነው የሚጠራው" አልኩት። ሸማኔው አንገቱን ደፋ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ከቆላው ወጥታ በገበያው ዳር ጨው የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም እናት ነበረች፤ ልጇ ከእኛ ዘንድ ይውላል። "አብሽሪ ልጄ፣ ይኼ ቀላል ነው" አለችኝ። "እኛ ቤት 'ሐጃ አለኝ' ይላሉ። ጉዳይ አለኝ እንደ ማለት ነው። ምን ጉዳይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

ይኼም ተወደደ። የለም፣ ጉዳይማ ገበያም ጉዳይ ነው የሚሉ ተነሡ። ክርክሩ ጋለ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ከጥግ የተቀመጡ፣ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ። 

"ሊቃውንቱ 'ወገቡን ሊሞክር ሄደ' ነው የሚሉት" አሉ። "ንጉሥም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን፣ ወገቡን ሊሞክር ሄደ ቢባል አያፍርም። ሕፃኑስ ለምን ይፈር?"

"አባ፣ ይኼ የድሮው ሥርዓት ቃል ነው" አለች ሊቀመንበሯ።

"ልጄ" አሉ ቄሱ በእርጋታ፣ "ሥርዓት ይለወጣል። ሆድ መች ተለውጦ ያውቃል?"

ጨው ሻጯ ሻሿ እስኪፈታ ሳቀች። ሊቀመንበሯም ልትኮሳተር ሞክራ አልሆነላትም።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን አቁሜ አስተማርኳቸው። እጅ ወገብ ላይ ይደረጋል፤ "ወገቤን ልሞክር" ይባላል፤ ይኬዳል። እንደዚያ ይወዱታል ብዬ አላሰብኩም። ያን ሳምንት ሆዱ ባዶ የሆነውም ሁሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ባላባት እየተንጎራደደ ወደ ቆርቆሮው በር ሲመላለስ ዋለ።

ረቡዕ ዕለት ያቺ ልጅ ከኋላ ተነሥታ ቆመች። አልተናገረችም። ብቻ ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

"ሂጂ፣ የኔ እመቤት!" አልኳት።

ሄደች። ስትመለስ ውኃ ጠየቀች፤ እሱንም በጣቷ ጣሳውን እያሳየች። ቃል ግን አሁንም የለም። እንዲያው በምልክት ብቻ እየተግባባን ወራት አለፉ።

በጥቅምት አንድ ባለሥልጣን ከአውራጃው ሊጎበኘን መጣ። ካኪ ለብሷል፤ ሽጉጡን በሰፊ ቀበቶ ታጥቋል። ጠዋት የገበሬ ማኅበሩን እርሻ ሲያይ የባቄላ እሸት ጋብዘውት፣ እሸቱ ጣፍጦት፣ ያለ ልክ በልቶ ኖሯል። ይህን በኋላ ነው የሰማነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከጎኑ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ልጆቹን አሰለፍኩ።

ሰውዬው ስለ አዲሱ ትውልድ ንግግር ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ቆም አለ። ግንባሩን ጠረገ። ቀጠለ። እንደገና ቆም አለና እጁን ወደ ቀበቶው ሰዶ መያዣውን አላላ።

ያን ጊዜ ያቺ ልጅ ከሰልፉ ወጣ አለች።

"እትዬ!" አለች፣ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። "ጓዱ ወገባቸውን ሊሞክሩ ነው!"

የቀበሌው ሊቀመንበር በወላጆቹ ስብሰባ አልነበረም። ሽጉጥ የሚሞከር መስሎት ዓይኑ ሽጉጡ ላይ ፈጠጠ፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጀርባውን ከግድግዳው አጣበቀ።  በዚያ ዘመን በባለሥልጣን ወገብ ማን ይቀልዳል?

"ምን አለች?" አለ ሰውዬው።

 የሸማኔው ልጅ ቀደመኝና ምን ማለት እንደሆነ በቁሙ ነገረው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ሰውዬው ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሏል።

"ወዴት ነው?" አላት በሹክሹክታ።

ጣቱን ይዛ መራችው። እኛ እንዳለን ቀረን። ወዲያው ድምፅዋ ከጓሮ ይሰማን ጀመር። "ውኃ በጣሳው አለ! በሩ አይገጥምም፤ እኔ እይዘዋለሁ! አይፍሩ፣ ማንም አይመጣም!" ያን ሁሉ ቃል ከአፏ ስሰማ፣ ፍርሃቴንም ረሳሁትና እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ።

ሰውዬው ሲመለስ ፊቱ ጠርቷል። ንግግሩን አልቀጠለም። እጁን በልጅቷ ራስ ላይ አድርጎ፣ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር" አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጆቹ ተከተሉት። ሊቀመንበሩ ከግድግዳው ሲላቀቅ ከሁላችንም ኋላ ሳቀ። ባለሥልጣኑ ሲሄድ፣ "ንቁ ልጆች ናቸው" ብሎኝ እጄን ጨበጠኝ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲያ ዝም ብላ አታውቅም። ስለ ጥጃቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ጥል፣ አባቷ ተኝቶ ስለሚያንኮራፋው ሁሉ ታወራልኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ልትወስዳት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ምን አቀመሷት? ዳገቱን ሙሉ አፏ አያርፍም እኮ። ትንፋሼ እየተቆረጠ እሺ፣ እሺ ስል ነው የምደርሰው።"

"ዝም ትበል ልበላት?" አልኩ።

"ኧረ ይተዋት!" አለች እናት ደንግጣ፤ የልጇንም እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ወደ አሸተን የሚያወጣውን መንገድ ያዙ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከድንጋዩ ኋላ ታጥፈው ከዓይኔ ከተሰወሩም በኋላ የልጅቷ ወሬ ይሰማኝ ነበር።