ጭቃ የሌለበት ጫማ

በዚያ ዘመን ስለ ጥበብ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ሚዛን ተፈሪ በአማርኛ አስተማሪነት ከተቀጠርኩ ገና ብዙም አልቆየሁም፤ ባጃጅ እንኳ ከተማዋን አላወቃትም። እኔ ግን «ድራማ እውነት መምሰል አለበት» እያልኩ ተማሪዎቼንም አከራዬንም አደነቁር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ የድራማ ክፍሉ ሊቅ ሆኜ ነበር።

የኅብረታችን ድራማ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰካራም አለ፤ ሚስቱን ያስለቅሳል፣ ልጆቹን ያስርባል፣ በመጨረሻ ወንጌል ሰምቶ ጌታን ይቀበላል። ችግሩ ያለው ሰካራሙ ላይ ነው። ከመካከላችን መጠጥ የቀመሰ ስለሌለ፣ ሰካራም የሚሆነው ልጅ ሸሚዙን ከሱሪው ያወጣና ሻይ የተቀላቀለበት ውሃ በጠርሙስ ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ይዘፍናል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ንስሐ የሚገባበት ቦታ ሲደርስም ሳቁ ስላልወጣለት እየሳቀ «አሜን» ይላል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጥርሴን አፋጫለሁ።

የዚያን ዓመት ለገና በዓል ሰካራሙን እኔ ልጫወት ብዬ ራሴን መረጥኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች፤ እኔና እሷ ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ከበዓሉ በኋላ ለአባቷ አማላጅ ልልክ ነው። አባቷ የቡና ገበሬ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ከመሪዎቹ አንዱ ስለሆኑ የሚቀመጡት ፊት ወንበር ላይ ነው። በአንድ መድረክ ጥበብንም አማቴንም ልማርክ አሰብኩ።

ለጥናት ገበያው ዳር ያለ ጠጅ ቤት ገባሁ። ለስላሳ አዝዤ ጥግ ያዝኩ። አሳላፊዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም፤ እያጠናሁ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ ጎልማሳ ብርሌ በላይ በላዩ ሲያወርድ ዋለ። ሊሄድ ሲነሳ ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልወደቀም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ለእያንዳንዳችን ጎንበስ እያለ፣ ቃል እየመረጠ ተሰናበተን። ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነበርና በበሩ ተከተልኩት፣ በዓይኔ ማለቴ ነው። ቀጥ ብሎ፣ ከጤነኛ ሰው በላይ ቀጥ ብሎ ተሻገረ። ደጁ ላይ ሲደርስ ጫማውን ከድንጋዩ ጋር እያሸ ጭቃ ይጠርግ ጀመር። አንዱን ጠረገ፣ ሌላውን ጠረገ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ መንገዱ አቧራ ነበር።

የሰከረ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው አለመስከሩን ለማስመሰል ነው! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አንድ ሰው ቤተሰቡን ለማታለል እንዲያ ሲደክም አይቶ በደስታ የፈነጠዘ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠርሙስ አልያዝኩም። ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ቀጥ ብዬ ገባሁ። ደጃፍ ብለን ባስቀመጥነው ድንጋይ ላይ የሌለውን ጭቃ ጠረግኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ጎን ለጎን አስተካከልኩ፣ እንደገና አስተካከልኩ። ከዚያ ለመድረክ ሚስቴ ጎንበስ ብዬ «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ ጌታዬ!» ስትል ተሰማ። እኔ በልቤ እየበረርኩ ነበር። አማቴ እንዲሆኑ የተመኘኋቸውን ሰውዬ ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። አድናቆት መሰለኝ።

ሲያልቅ ልጅቷን ከአዳራሹ ጀርባ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ምስጋናዬን ልቀበል ተዘጋጅቼ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አባቴን ነው እኮ የተጫወትከው!»

ጌታን ሳይቀበሉ በፊት ይጠጡ ነበር። የሚገቡትም ልክ እንደዚያ ነበር፤ ጫማውን ጠርገው፣ አስተካክለው አስቀምጠው፣ «እንደምን አመሻችሁ» ብለው። «እኛ የተኛን መስለን ከብርድ ልብሱ ሥር እናየው ነበር» አለችኝ። «መጠጣቱን ከጫማው ድምፅ እናውቅ ነበር። እሱ ግን ዛሬም ድረስ እንዳላወቅን ነው የሚያስበው። ሲመሰክር አልሰማህም? ‹ልጆቼ ሳያውቁ ጌታ ደረሰልኝ› ነው የሚለው።»

ያንን ምስክርነት እንኳን እኔ፣ የአዳራሹ ወንበር ያውቀዋል።

ሳምንት ሳይሞላ መምህሩ ጠጪ ነው የሚል ወሬ ሚዛንን አዳረሰ። ጠጅ ቤት ሲገባ ያየ ሰው ተገኘ፤ ለስላሳውን ያየ ግን አልተገኘም። አማላጅ እንዲሆኑኝ የለመንኳቸው ሽማግሌ «ልጄ፣ እንዲያ መሆን በማየት ብቻ አይመጣም» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ስለ እውነት መምሰል ያስተማርኩት ሕዝብ ትምህርቱ ከእኔ በላይ ገብቶት ነበር። በመጨረሻ አባቷ ራሳቸው አስጠሩኝ።

ስደርስ ግቢያቸው ውስጥ በቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ቡና እያገላበጡ ነበር። ቀና ሳይሉ «መምህር፣ ትጠጣለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በጌታ! ለስላሳ ነው የጠጣሁት!» አልኩና ስለ ድራማ፣ ስለ ጥበብ፣ ስለ እውነት መምሰል ማስረዳት ጀመርኩ። ብዙ አስረዳሁ። እሳቸው ቡናውን አገላብጠው ወደ ማዶው ጫፍ ደረሱ።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ።»

«መድረኩ ላይ ስትገባ፣ ገና ምንም ሳትናገር፣ እዚያ ያለው ሕፃን ሁሉ መጠጣትህን አወቀ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ሁሉም አወቁ።» እጃቸው ቡናው ላይ ቆመ። «የኔ ልጅ ነግራሃለች? እኔ ስገባ… ታውቅ ነበር?»

የተጠራሁት ስለ እኔ ሊጠይቁኝ አልነበረም። አንጀቴን በሉት። መዋሸት እንዳለብኝ ወዲያው ወሰንኩ፤ ለዚህ ደግሞ በከተማው ከእኔ የተሻለ ተዋናይ የለም።

«ኧረ ምንም! እሷማ ‹አባቴ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም› ነው የምትለው። ደግሞ ከየት ታያለች? በብርድ ልብስ ተሸፍነው ተኝተው!» ድምፄ ቀጠነ። አሳለኝ። ጆሮዬ ጋለ። እጄ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ፤ ሥራ ሲያጣ የተገላበጠውን ቡና ማገላበጥ ጀመረ። ያ ከግድግዳ ግድግዳ የሚላጋው ልጅ ቢያየኝ ያፍርብኝ ነበር።

«ይህን ግን አትችልበትም» አሉ።

«ምኑን?»

«ውሸቱን። ጠጪ እንዲህ አይዋሽም። እኔ ስዋሽ አሳምሬ ነበር…» አሉና አቆሙ። «አሳምሬ ይመስለኝ ነበር።»

ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። መድረክ ላይ ለማልቀስ የማልቸገር ሰው፣ በእጄ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። በሸኮ በኩል ደመና ጠቁሮ ስለነበር የቡናውን መሸፈኛ ላስቲክ አነሱና አንዱን ጫፍ ሰጡኝ፤ ቡናውን አብረን ሸፈንን።

«ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ ዝናቡ ሲጀምር። «ያንን የመድረክህን ሰውዬ ግን ተወው።»

በሚቀጥለው እሑድ የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ሁላችንም በቃል የምናውቀውን ጀመሩት፤ ጠጁን፣ የባከነውን ጊዜ፣ የሚስታቸውን ትዕግሥት። «ልጆቼ…» ሲሉ ግን ቆሙ። ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጆቼ እያወቁ ዝም አሉኝ» አሉና ቶሎ ተቀመጡ። ድምፃቸው አልወጣም፤ ከኋላ ያሉት «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይባባሉ ነበር። እሷ ግን ከመዘምራኑ መካከል ሰምታቸዋለች።