ያልፈነዱት ፊኛዎች

የአክስቴ ዓይን እየደከመ መሆኑን ያወቅነው ሐኪም ቤት አይደለም። መርካቶ ስልክ ልንገዛ ገብተን፣ እሷ የፊኛ ጌም ስትጫወት ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። አሁንም ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ጠመኔው እጄ ላይ ይቀራል፤ ተማሪዎቼ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

አክስቴ ከአንዋር መስጊድ በስተጀርባ ጨርቅ ትሸጣለች። ከወሎ በልጅነቷ መጥታ እዚያው ሰፈር ንግድ ለምዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እኔን የወንድሟን ልጅም እዚያው አሳድጋኛለች። ሁለት ጥቁር ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግታ አንደኛው ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ ስታሳየኝ፣ እኔ ሁለቱም ጥቁር ሆነውብኝ ስቸገር እንስቅ ነበር። እንጀራዋ ዓይኗ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስልኳ ግን ባለ ቁልፍ አሮጌ ነበር። የክፍለ ሀገር ደንበኞቿ የጨርቁን ፎቶ ላኪልን ማለት ሲያበዙ፣ ጎረቤት እየለመነች ማስነሳቱ ሰለቻት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስማርት ስልክ እንድመርጥላት ጠራችኝ።

እንዲህ ያለ ጥሪ ደስ ይለኛል። የሳይንስ መምህርት ነኝ። ወደ ስልክ ሱቆቹ ስንሄድ፣ ሁለት ነገር ሲወዳደር መቀየር ያለበት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን አስረዳኋት። ስልኮቹ ይቀያየራሉ፤ የስክሪኑ ብርሃን፣ ጌሙና የሚጫወተው ሰው ግን አይቀየሩም። ያኔ ልዩነት ከታየ ከስልኩ ነው ማለት ነው። አክስቴ "እሺ ቲቸር፣ እሺ" እያለች ትከተለኛለች። ያን ጊዜ አንድ ጋሪ በግራዋ በኩል አልፎ ትከሻዋን ገጨት አደረጋት። ጋሪ ገፊው ከሩቅ ጀምሮ ዞር በሉ እያለ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፤ እሷ ግን ዞር ብላ በስድብ ወረደችበት። ሰሞኑን በጋሪ ገፊዎች ላይ ምሬቷ በዝቶ ነበር። ከመሬት ነው የሚፈልቁት ትላለች። እኔም የመርካቶ ግርግር ነው ብዬ አለፍኩት።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ፈጣንና ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነበር። መርካቶ ስልክ የሚገዛ ሰው ካርቶን አያምንም። ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ እንደ አዲስ ታሽጎ ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ጣት አይሰማም፣ "ሞቷል" ይባላል። ይህን ለመፈተን ከጌም የተሻለ የለም፤ ጣት የስክሪኑን ሁሉንም ቦታ ያዳርሳል። ስለዚህ ሻጮቹ ለማሳያ ባስቀመጧቸው ስልኮች ላይ ሰው የሚወዳቸውን ጌሞች ጭነው ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የሩጫውን ከፈተላት። አንድ ልጅ በሐዲድ ላይ ይሮጣል፣ ፖሊስ ያባርረዋል። አክስቴ ትንሽ አየችውና ስልኩን መለሰችለት።

"እኔ ሌባ አላስመልጥም" አለችው።

እየሳቀ ኳስ አመጣላት፤ እሱንም አልወደደችም። በመጨረሻ የፊኛውን ከፈተ። ባለ ብዙ ቀለም ፊኛዎች ከስክሪኑ ግርጌ ይነሳሉ፣ ሲነኩ ይፈነዳሉ። ቀለም ስላየች ፊቷ ፈካ። ስልኩን አጋድማ በሁለት እጇ ያዘችውና ፊቷ አጠገብ አድርጋ በአውራ ጣቶቿ ጀመረች። የቀኞቹ እየፈነዱ ይረግፋሉ። የግራዎቹ ግን ምንም ሳይሆኑ ወደ ላይ አልፈው ይጠፋሉ።

ውጤቱን ሲያሳያት "ይሄ ግራው ሞቷል" አለች፣ ቀዳዳ ያገኘችበትን ጣቃ እንደምትመልስ ሁሉ።

ሻጩ ገና ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ነው ብሎ ማለ። ሌላ ስልክ አቀረበ። ብርሃኑን አስተካከልኩ፣ ያንኑ ጌም ከፈትኩ። አሁንም የግራዎቹ አመለጡ። ሦስተኛው ከሁሉም ውድ ነበር፤ እሱም ያው ሆነ። አክስቴ ድምጿ ከፍ አለ፣ ሁሉንም ከአንድ ጠጋኝ ቤት ነው የሰበሰብካቸው አለችው። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ስክሪን ጣትን እንዴት እንደሚያውቅ፣ ሲቀየር ምን እንደሚበላሽ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ተጫወተበት፤ የግራውም የቀኙም ፈነዱ።

"ለባለቤቱማ ይታዘዛል" አለችው አክስቴ። "ለእኔ ሲሆን ነው የሚሞተው።"

ጭቅጭቁን የሚጨርስ ፈተና እንዳለኝ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የስክሪኑ ከሆነ ስልኩን ስንገለብጠው የሞተው ጎን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሥዕሉ አብሮ ስለሚዞር ጌሙ አይቋረጥም። ከተገለበጠ በኋላ የሚያመልጡት የቀኝ ፊኛዎች ከሆኑ ባለ ሱቁ ልጅ ተሸነፈ ማለት ነው። በዚህ ሐሳቤ ኮርቼ ነበር። ስልኩን ከእጁ ወስጄ ገልብጬ ሰጠኋት።

ፊኛዎቹ ተነሱ። የቀኞቹ ፈነዱ። የግራዎቹ አንድ በአንድ አለፉ።

ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። እኔ ግን ቀስ ብዬ ዓይኔን ከስልኩ ላይ አንስቼ የእሷን ዓይን አየሁ። አንድ ትልቅ ቀይ ፊኛ በግራ በኩል ከታች እስከ ላይ ሄደ። ጣቷ ወደዚያ አልሞከረም። ዓይኗም አልሞከረም።

"ቀዩን ለምን ተውሽው?" አልኳት።

"የቱን ቀይ?"

ስልኮቹን ቀያይረናል፣ ገልብጠናል፤ የግራዎቹ የፈነዱት ግን የሚጫወተው ሰው ሲቀየር ብቻ ነው። ልዩነት የሚመጣው ከተቀየረው ነገር መሆኑን ደግሞ መንገድ ላይ በራሴ አፍ አስረድቼአት ነበር። እጄን ከግራ ጉንጯ አጠገብ አንስቼ ጣቶቼን አወዛወዝኩ። አላየቻቸውም። ፊት ለፊቷ የቆመውን ልጅ እያየች ዋጋው ስንት እንደሚቀንስ ትጠይቀዋለች። እሱ ደግሞ ጣቶቼን እያየ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ የራሱን መቀመጫ አመጣና ከኋላዋ አኖረላት።

"እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ" አላት።

"ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?" አለች አክስቴ።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የዓይን ግፊት እንደሆነ ነገረችን። አያምም፣ አያቀላም፤ ዓመታት ፈጅቶ እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል። የተበላው አይመለስም፤ የቀረው ግን ጠብታው ሳይቋረጥ ከተደረገ ሊጠበቅ ይችላል። አክስቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጨርቅ ቀለም መለየት እንደምትችል። መሃሉ ገና ደህና ነው፣ እሱን ነው የምንጠብቀው ተባለች።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። የጠፋው ቦታ ጥቁር ሆኖ የሚታይ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አእምሮ ባዶውን በራሱ ስለሚሞላው ሰውየው ምንም የጎደለው አይመስለውም። አክስቴ ያን ሁሉ ጊዜ በመሳለሚያ አስፋልት ስትሻገር፣ በጋሪዎቹ መሃል ስታልፍ፣ ዓለምን ሙሉዋን የምታይ መስሏት ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ላስረዳ ሞክሬ መሃል ላይ ትቼዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ብቻዋን ወደ ሱቁ ሄዳ ስልኩን ገዛች፣ ሦስተኛውን። ስልክህ ደህና ነበር እንዳለችው፣ ልጁም ሻይ እንዳስመጣላት ነገረችኝ። የሰደበችውን ጋሪ ገፊ ግን ልታገኘው አልቻለችም። አሁን የጋሪ ጎማ ስትሰማ ቆም ብላ ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ታዞራለች።

ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው። የማታውን እኔ አደርግላታለሁ፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ፊኛዎቹን ትከፍታለች። ካመለጣት እንድነግራት ስለምትፈልግ እውነቱን እነግራታለሁ። ያለፈው ሳምንት ጥቂት ተጫውታ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

"ገልብጪልኝ" አለች።

መገልበጡ ምንም እንደማይለውጥ ላስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አውቃለሁ። አንዴ ብቻ ገልብጪው፤ ምናልባት ስልኩ ይሆናል።"

ገለበጥኩላት።