ቦርዱ ተቃጥሏል

የእኛ ሰፈር ጠጋኞች የሚያውቁት በሽታ አንድ ብቻ ነው። ሬዲዮ ውሰድላቸው፣ ካውያ ውሰድላቸው፣ ገልበጥ አድርገው ያዩና «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይሉሃል። የመንደር ክሊኒክ ለገባው ሁሉ ታይፎይድ ነው እንደሚለው ማለት ነው። ካውያ ደግሞ ምን ቦርድ አለው ብዬ አንዱን ብጠይቀው «አባባ፣ የአሁኑ አለው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን ዕቃ ራሴ መፍታት ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ከጥበቃ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እስከ ዛሬ ሳነብ ጣቴ ቃሉን ካልተከተለ አይሆንልኝም። ለዚህ ሥራ ግን ብዙ ፊደል አያስፈልግም። ሬዚስተር የሚሏቸው፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉት ነገሮች፣ ልካቸው የተጻፈው በቀለም መስመር ነው። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ። የቀሚስ ጥለት የሚለይ ሰው ይህን መለየት አያቅተውም።

አስተማሪ ነን የሚሉትን በስልክ አየኋቸው። ብሎን ሳይፈቱ ሰብስክራይብ አድርጉ ይላሉ፤ ብሎን ከፈቱ በኋላ ዘፈን ይለቃሉ። ዋናው ሥራ ላይ ሲደርሱ ካሜራው ፊታቸውን ያሳያል። ፊታቸው ምን ያደርግልኛል? ድምፁን ዘግቼ፣ እጃቸው በታየ ቁጥር እያቆምኩ ተማርኩ። መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁት ከጠገንኩት ይበልጣል፣ አልዋሽም። የባለቤቴን ሬዲዮ ጭራሽ ዝም አሰኘሁት። የግድግዳ ሰዓታችንም ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ።

ይህ በሆነ ሰሞን የእድራችን ሜጋፎን ድዳ ሆነ። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይዞት እየዞረ መርዶ የሚናገርበት ነው። ጥገና ቤት ወስደውት ምን እንደተባሉ መናገር አያስፈልገኝም። ሊቀመንበራችን፣ ያ ባለሱቁ፣ ተጥሎ አዲስ ይገዛ ሲል እኔ ስጡኝ አልኩ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ኤሌክትሪክ ከሚነካኩ መቁጠሪያ ቢይዙ አይሻልም?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«መቁጠሪያውን ለአንተ ትቼዋለሁ። ሚዛን የምትይዘው አንተ ነህ» አልኩት።

እስከ እሑድ ድረስ ሰጡኝ። ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስማ፣ ይሄ ካልተናገረ ያንን ሳጥንህን እንዳለ ለቆራሌው ነው የምሰጠው። የገደልከውን ሬዲዮዬንም እጨምርለታለሁ።»

ሳጥኑ ውስጥ ቴስተሬ፣ ሊድ ማቅለጫዬና የለቃቀምኩት ጥርቅም ሁሉ አለ። እሷ ደግሞ አደርጋለሁ ካለች ታደርጋለች። ከዚያ በኋላማ ግድግዳ እያየሁ መቀመጥ ነው የሚቀረኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቦርዱ ላይ አፈጠጥኩ። የእነዚያ ከንቱ ጠጋኞች ወሬ እኔንም ይዞኝ ኖሯል። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለ የሚነገርበትን የእጅ ማይክ ከሜጋፎኑ ጋር የሚያገናኘውን ጥምዝ ገመድ በቴስተር ያዝኩት። ሳጥፈው ቴስተሩ ይጮሃል፣ ስለቀው ዝም። ላስቲኩ ደህና ነው፣ ሽቦው ግን ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ቆርጬ በሊድ ቀጠልኩት።

አሁን መሞከር አለበት። አንድ ሁለት ሦስት ማለት የዘፋኞች ነው። በዚያ ሜጋፎን ከመርዶ በቀር ሌላ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በሰው ስም ማሟረት ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ደጅ ወጥቼ የራሴን ስም ከነአባቴ ጠራሁና ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ እድርተኛው ሁሉ እንዲወጣ አልኩ። ድዳ በነበረበት ጊዜ የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ አዙሬው ረስቼዋለሁ። የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ደስ ስላለኝ ደገምኩት። ከዚያ ገብቼ ብሎኖቹን ማሰር ያዝኩ።

ሜጋፎን የሰውን ሁሉ ድምፅ አንድ ያደርገዋል፤ የእኔ መሆኑን ማንም አልለየም። ብሎኖቹን አስሬ ሳልጨርስ ደጁ በልቅሶ ተሞላ። አንዷ «ብዬ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ ነው የጨረሳቸው» ትላለች። አንዱ ደግሞ ግትር ነበሩ ይላል። ገና ሳልቀበር «ነበሩ» ሆንኩ። ሜጋፎኑን ይዤ ብወጣ ሊቀመንበሩ የድንኳን ብረት ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ለቀስተኛው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጴንጤዋ ጎረቤታችን ብቻ ጌታ አስነሳቸው ብላ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ተሰማ?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

ወዲያው ባለቤቴ መጣች። ዱቄቷን የትም ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ስታየኝ መሬት ላይ ዘጭ አለች። አልሰደበችኝም። ሜጋፎኑን ለሊቀመንበሩ ሰጥቼ የወደቀ ጫማዋን ፍለጋ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ለፋፊው በበራችን አለፈ። በቁሙ የራሱን መርዶ ስለለፈፈ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ይጠየቅ እያለ ስሜን ይጠራል፣ በዚያው እኔ በጠገንኩት ሜጋፎን። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ለከሳሾቼ አፍ የሠራሁላቸው እኔው ነኝ።

«ወፍጮ ቤት ድረስ ነው የተሰማው» አለች ባለቤቴ።

ጥቂት ቆይቶ ቆራሌው እየጮኸ መጣ። ተነሥታ ሬዲዮዋን ከመደርደሪያው ስታወርድ በቃ፣ ሳጥኔም ሊከተል ነው አልኩ በልቤ። እሷ ግን ሳጥኔ ላይ አስቀመጠችው። ቆራሌው እየጮኸ አልፎ ሄደ።

«ቦርዱ ተቃጥሏል እንዳትለኝ ብቻ» አለችኝ።