ምጥ ነው ያልኩት ሆድ

ቡራዩ ያን ጠዋት መንገድ እንደሚዘጋ ማን ነገረኝ! መንታ ልጆቼን ከተገላገልኩ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ሆዴ ግን ወሬውን አልሰማም። ቆዳው ተንጠልጥሎ፣ ጡንቻው ላልቶ ወደ ፊት እንደገፋ ቀርቷል። ታክሲ ውስጥ ነፍሰ ጡር መስዬው ሰው ቦታ በለቀቀልኝ ቁጥር እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ እወርዳለሁ። ያን ቀን ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ አንድ ዶክተር ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ሊሰፋልኝ ነው። ቀጠሮው ካለፈኝ ዶክተሩ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም፣ ግን ማን ራበው! ደስታው ራሱ አጥግቦኛል።

አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የአባቶቻችን መሬት ሊወሰድ ነው ብለው የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን ዘግተዋል። መኪና የሚባል የለም። በእግሬ ልለፍ ብዬ ስጠጋ አንዱ አስቆመኝና ሆዴን አየ።

«እትዬ፣ ምጥ ነው እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ስድብ አጠጣው ነበር። «አዎ!» አልኩና ወገቤን ይዤ አቃሰትኩ። አቤት ማስመሰል!

«ጀባዹ! ጠንክሪ!» እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ተንጫጩ። ድንጋዩን እየተሻሙ አነሱልኝ፤ ጋሪ የሚነዱ አንድ አዛውንት ጠርተው ደግፈው ጫኑኝ። ስናልፍ አጨበጨቡልኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሳቄን ዋጥኩ። ልደርስ ነው! ልደርስ ነው!

አዛውንቱ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ዞር እያሉ «ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ» ይላሉ። መንገዱ ክፍት የሆነበት ስንደርስ ታክሲ አገኘን። ሒሳብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

«ለሚወለደው ይሁን።»

ሳቄ ድርግም አለ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላረገዝኩም። ይሄን ሆዴን ላስቆርጥ ነው የምሄደው።»

ልጓሙን ሰብሰብ አደረጉ። አሁን ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እነዚያ ልጆች» አሉ፣ «ሰሞኑን በተቃውሞው የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሲቀብሩ ነው የሰነበቱት። ሲስቁ ያየኋቸው ዛሬ ነው። እኔ እውነቱን አልነግራቸውም።» ፈረሱን ወደ መጡበት አዞሩት። «ወንድ ልበላቸው ሴት?»

ተራዬ ሳያልፍ ደርሻለሁ፤ ሆዴም ያንኑ ቀን ተሠርቷል። ከዚያ በፊት ግን ታክሲው በር ላይ ቆሜ ለአዛውንቱ መለስኩላቸው።

«ሴት በሏቸው።»