በመካኒሳ መጋዘን የተቀረጸው ፊልም

የቀበሌ ታጣቂዎች ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። የታሰርኩት መካኒሳ ቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ ዱሮ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው በምስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። አምስት ሴቶች ነበርን። በሦስተኛው ሳምንት የወንድሜን እጮኛ አምጥተው ጨመሯት፤ ነገ ትመረመሪያለሽ ብለዋታል። ወንድሜ ፉሪ አንድ ገበሬ ቤት እንደተደበቀ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ እግሬ እስኪያብጥ ተገርፌ "አላውቅም" ብዬ ከምርመራው ወጥቻለሁ። እሷ ግን ውሸት የማይሆንላት ልጅ ነች። ካወጣች ወንድሜ አለቀለት።

"እንግዲያው እናለማምዳታ" አለች አንዷ እስረኛ። ከመያዟ በፊት ፊልም ሲቀረጽ ተዋንያንን ታለብስ ነበር። "ተዋናይ ሆኖ የተወለደ የለም። ሲያስደግሙት ነው የሚሆነው።"

ወዲያው ሥራ አከፋፈለችን። አንዷ ባዶ የወተት ጣሳ ዓይኗ ላይ ደግና ካሜራ ሆነች። ሌላዋ በምግብ ሳህን ከጣሪያው ቀዳዳ የምትገባውን ጨረር እየመለሰች ልጅቷ ፊት ላይ ታሳርፋለች፤ መብራት እሷ ነች። ከሆሳዕና የመጡት ጴንጤ እናት ግን እምቢ አሉ።

"ማስመሰል ውሸት ነው ልጄ። ጌታ አይወደውም።"

"እርስዎ ድምፅ ያዥ ይሁኑ እማማ። ድምፅ ያዥ አያስመስልም፣ ያዳምጣል እንጂ" አለቻቸው አልባሿ።

ይሄ ተስማማቸው። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው የዘበኛውን ኮቴ ያዳምጡልን ጀመር።

መርማሪዋ እኔ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከታሰርኩ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የገዛ ወንድሜን እያሳደድኩ ልቤ ይዘል ነበር፤ ያበጠ እግሬም ተረሳኝ። "የት ነው ያለው? ጎፋ? ሳሪስ? ፉሪ?" እያልኩ በሹክሹክታ አምባረቅኩባት። ካሜራዋ ሳቅ አመለጣትና ጣሳውን ጣለችው። "አቁሙ፤ እንደገና" ተባልን። እንደገና ሲባል ሁላችንም ልጅ ሆነን ወደየቦታችን እንሽቀዳደማለን፤ መብራቷ እንኳ ጨረሩን ቀድማ ታነጣጥራለች።

ከስድስተኛው ቀረጻ በኋላ አልባሿ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

"ፊትሽ ደህና ነው። ፉሪ ሲባል ግን እጅሽ ወደ ሻሽሽ ይሄዳል። ስድስቴም ሄዷል።"

"እኔ መች አየሁት" አልኩ።

"እንጀራዬ እኮ ነው። ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው አንድ ቁልፍ ተከፍቶ ቢገኝ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ።"

ወንድሜን ሊገድለው የነበረው ያቺ እጅ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ጩኸቴን እያሳመርኩ ነበር። አልባሿ የልጅቷን አንድ እጅ በሌላው አስይዛ አስቀመጠቻት፤ ፀሐይዋ ከቀዳዳው እስክትርቅ ደገምነው። በመጨረሻ እጇ አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰዷት። ማንም ሳያዘን በየሥራችን ቦታ ተቀመጥን፤ እማማም ከበሩ አልተላቀቁም። ከሰዓት በኋላ "ኮቴዋ ነው" አሉ።

ስትገባ ከንፈሯ አብጧል፣ ቀሚሷ ከትከሻው ተቀዷል።

"ስንቴ ጠየቁሽ?" አለቻት አልባሿ።

"ሰባቴ አስደገሙኝ። ሰባቱም አንድ ዓይነት ነው።"

አልባሿ ከራሷ ቀሚስ መርፌ ቁልፍ ፈትታ የተቀደደውን ትከሻ አያያዘችላት፤ ራቅ ብላ አየችና እንደገና አስተካከለችው። "በቃ፣ አሁን ሰው ፊት ትቆሚያለሽ" አለቻት።

ወንድሜ ዛሬ ጎፋ ይኖራል፤ ሚስቱም ያቺው እጮኛው ነች። አንዳንድ እሁድ ሦስታችን ሲኒማ እንገባለን። ፊልሙ እንዳለቀ እሱ ይነሳል፤ እኔና እሷ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው እስኪያልፍ ንቅንቅ አንልም። "አልቋል እኮ፣ ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ" እያለ አጠገባችን ቆሞ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም መስማት ደስ ይለናል።