የወንድሜ ብርድ ልብስ

ቁም ሳጥን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ መጣብኝና ባሕር ዳር፣ አባቴ ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ በልጅነቴ ቆሜ ያየሁት ታወሰኝ። ሩቅ አገር መሬት ተንቀጥቅጦ ሰው ሜዳ ላይ ወድቋል ተብሎ፣ ጎረቤቱ እስላም ክርስቲያን ሳይል ልብስ ያመጣል። የጣና ነፋስ ክምሩን በቀስታ ያርገበግበዋል። እናቴ በሕፃንነቱ የሞተውን ወንድሜን ብርድ ልብስ ከሳጥኗ አውጥታ መጣች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር።

«ይሄ ይቅር፣ ሌላ እንሰጣለን» አላት አባቴ።

«የኔው ልጅ ከእንግዲህ አይበርደውም» አለች በዝግታ። «እዚያ የሚበርደው አለ።»

ለምን እንደማይበርደው አልገባኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስሙን ሳታለቅስ ትጠራው ጀመር፦ ሐሰን። አሁን በዚያ ስም ስጣራ፣ ከሳሎን «አቤት» የሚለኝ ልጄ ነው።